የበጋ ስንዴና የመጋቢት ፀሐይ

(በደራ ወረዳ፣ በአንበሳሜ ለገበሬዎች፣ ለመምህራንና ለግብርና ባለሙያዎች የቀረበ ዲስኩር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ስንዴና ስለ ሙቀት ነው። ርእሱን የሰማ ሰው «ይህስ ለአፋር ቆላ ይሻል ነበር» ቢል አልፈርድበትም። በዚህ አገር ስንዴ የሚፈራው ዋግን ነው፤ ወደ ጉና ተራራ ከፍ ሲባል ደግሞ ውርጭን። ለመኸሩ ስንዴ ይህ እውነት ነው። በክረምት ዝናብ የተዘራው መስከረምና ጥቅምት ላይ ሲያሽት ሙቀት ብዙም አያስቸግረውም። አሁን ግን ሌላ ስንዴ መጥቷል። ከዓባይ ማዶ፣ መራዊ አጠገብ የቆጋ ግድብ በሚያጠጣው መሬት ላይ የበጋ መስኖ ስንዴ ይዘራል። ከዓባይ ወዲህም በፎገራና በደራ ሜዳ፣ የጉማራን ወንዝ ይዞ፣ ከሽንኩርቱና ከቲማቲሙ ጎን ስንዴ ብቅ ማለት ጀምሯል።

ይህ ስንዴ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ይዘራል። ሲበቅልና ሥር ሲይዝ የታኅሣሥና የጥር ብርድ ይቀበለዋል። በጥር ሌሊት ጣና ዳር ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ እኛ ጋቢ ስንደርብ ስንዴው ይደሰታል። መከራው የሚመጣው ወደ ማብቂያው ነው። የካቲት አልፎ መጋቢት ሲገባ የባሕር ዳር የቀን ሙቀት በአማካይ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ አንዳንድ ቀን ያልፈዋል። ያን ጊዜ ስንዴው ፍሬ እየሞላ ነው። ለስንዴ አበባና ፍሬ የሚስማማው ደግሞ ከ12 እስከ 22 ዲግሪ ያለው አየር ነው። እንግዲህ የጣና ዳር የበጋ ስንዴ ጠባይ ይህ ነው፦ በብርድ ተወልዶ በሐሩር ይሞታል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ የምንመለስበት ነው።

ሙቀት ስንዴን እንዴት እንደሚጎዳ ብዙ ጊዜ ከውጭ አይታይም። አበባው ከመከፈቱ ከሳምንት ከአሥር ቀን በፊት፣ ዛላው ገና በቅጠሉ እቅፍ ውስጥ ሳለ፣ የአበባው ብናኝ ይሠራል። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ከ30 ዲግሪ ያለፈ ሙቀት ከመጣ ብናኙ ይመክናል። ማሳው ለምለም ነው፣ ዛላውም ረጅም ነው፤ ገበሬው በመዳፉ አሽቶ እፍ ሲለው ግን ከገለባው ጋር የሚበርረው ይበዛል። ብናኙ ቢተርፍ ደግሞ ተረኛው ፍሬው ነው። የስንዴ ቅንጣት ደረቅ ክብደቷ ሁለት ሦስተኛው ያህል ስታርች ነው። ስታርቹን የሚገነቡት ኢንዛይሞች በተክሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ለሙቀት ስስ ከሚባሉት ይቆጠራሉ፤ ሰው ደስ ብሎት በሚውልበት የሙቀት መጠን እንኳ እነርሱ መዛል ይጀምራሉ። በዚያ ላይ ሙቀት የተክሉን ዕድሜ ያጣድፈዋል። ቅጠሉ ቶሎ ይገረጣል፣ ፍሬ የሚሞላበት ቀን ያጥራል፣ ቅንጣቷም ተጨማድዳ ትቀራለች። ሌሊቱም ከሞቀ ተክሉ ቀን የሠራውን ስኳር በትንፋሽ ያባክነዋል። ገበያ ላይ «ይህ ስንዴ ዱቄት አይወጣውም» ሲባል የምትሰሙት አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የብዙ አገሮች ተመራማሪዎች ተባብረው ያወጡት ግምት እንደሚለው የዓለም አማካይ ሙቀት በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የስንዴ ምርት በ6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በሄክታር 30 ኩንታል ለሚያገኝ ሰው ይህ ሁለት ኩንታል የሚጠጋ ነው፤ ከአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ላይ ሲነሣ ትንሽ አይባልም።

«ታዲያ ሳይንቲስቶቹ ሙቀት የሚችለውን ዘረመል ፈልገው ለምን አያስገቡልንም?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ስንዴ ራሱ ምን እንደሆነ ከማወቅ ይጀምራል።

የዳቦ ስንዴ የሦስት ሣሮች ልጅ ነው። ከመቶ ሺዎች ዓመታት በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ሁለት የዱር ሣሮች ተዳቀሉ። እኛ አጃ የምንለው፣ ከነልባሱ የሚታጨደው፣ ለቂንጬና ለአራስ ገንፎ የሚሆነው እህል የዚያ ድቅል ዘር ነው፤ ማካሮኒ ስንዴ የሚባለውም ከዚያው ወገን ነው። ከዚያ ወዲህ፣ ከ8000 እስከ 10000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በካስፒያን ባሕር ደቡብ ያ የታረሰ ስንዴ ኤጂሎፕስ ታውሺ ከተባለ ሌላ የዱር ሣር ጋር ሳይታሰብ ተዳቀለ፤ የዳቦ ስንዴም ተገኘ። ስለዚህ አጃና ማካሮኒ ስንዴ 28 ክሮሞዞም ሲኖራቸው የዳቦ ስንዴ 42 አለው። ለአንድ ሥራ ሦስት ወላጆች የሰጡት ሦስት ቅጂ ዘረመል በአንድ ሕዋስ ውስጥ ተቀምጧል። የዲ ኤን ኤው ፊደል ሲቆጠር ወደ 16 ቢሊዮን ይደርሳል፤ የሰው 3 ቢሊዮን ያህል ነው። እህሉ ከበላተኛው አምስት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ሁሉ አንብቦ በተራ ለማስቀመጥ ከ20 አገሮች የመጡ ከ200 በላይ ሳይንቲስቶች 13 ዓመት ሠሩ፤ ሥራቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የቆጠሩት ዘረመል 107,891 ሆነ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንዳንድ ጠባይ በአንድ ወይም በሁለት ዘረመል ይወሰናል። የስንዴን ቁመት ያሳጠሩት፣ የአረንጓዴው አብዮት የተመሠረተባቸው ዘረመሎች ሁለት ናቸው፤ ኖሪን 10 ከተባለ የጃፓን ስንዴ የመጡ። ዋግን የሚከለክሉ ብዙ ዘረመሎችም አንድ አንድ ሆነው የሚሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለው ነገር ለአዳቃዩ ይቀለዋል፤ ለበሽታውም እንዲሁ። ዲጋሉ የተባለው ዝርያ ቢጫ ዋግን ተቋቁሞ በአርሲና በባሌ ከተወደደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ማብቂያ ላይ አዲስ የግንድ ዋግ መጥቶ እንዴት እንደጠረገው የዘርፉ ሰው ሁሉ ያስታውሳል።

ሙቀትን መቻል ግን እንዲህ አልተሠራም። ተመራማሪዎች በክሮሞዞሞቹ ላይ ሲፈልጉ ያገኙት ብዙ ቦታ ነው፤ እያንዳንዱም የሚጨምረው ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሙቀት ብናኙንም፣ ቅጠሉንም፣ ሥሩንም፣ ስታርቹንም በየራሱ መንገድ ያጠቃል፤ ስለዚህ አንድ በር መዝጋት ቤቱን አያድንም። «ሙቀት የሚችል ዘረመል ተገኘ» የሚል ዜና ስትሰሙ «የትኛውን ሥራ የሚያግዝ? በየትኛው ወር ሙቀት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለእኛ አካባቢ ከሁሉም ይልቅ ትልቅ ዋጋ አላቸው ብዬ የማምንባቸው ዘረመሎች ስለ ሙቀት ምንም የማያውቁ ናቸው። ሥራቸው ጊዜ መቁጠር ነው። ቪ አር ኤን 1 የተባለው ዘረመል ስንዴው አበባ ለማውጣት ረጅም ብርድ ይፈልግ እንደሆነ ይወስናል። የአውሮፓ የክረምት ስንዴ ሳምንታት በብርድ ካልቆየ አያብብም፤ እኛ የምንዘራው ያን የማይጠብቀውን ነው። ፒ ፒ ዲ 1 የተባለው ደግሞ የቀኑን ርዝመት ይለካል። አንዳንዱ ስንዴ ቀኑ እስኪረዝም አያብብም፤ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል በሚባልበት በእኛ አገር እንዲህ ያለ ስንዴ ሲለግም ይከርማል። የስንዴ አዳቃዩ ኖርማን ቦርሎግ በሜክሲኮ የሠራው ታላቅ ሥራ እዚህ ላይ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ለመዝራት ሲል ዘሩን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ከማይለው ከሶኖራ ቆላ ወደ ቶሉካ ደጋ፣ ከዚያም መልሶ ወደ ቆላ ያመላልሰው ነበር። ያሰበው ጊዜ ለመቆጠብ ነበር፤ ያገኘው ግን የቀን ርዝመት የማይገደው፣ ከሕንድ እስከ ኢትዮጵያ የሚበቅል ስንዴ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው። ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ብርዱም የቀኑ ርዝመትም እኩል በሆነበት እንኳ አንዱን ዝርያ ከሌላው በጥቂት ቀናት የሚያስቀድሙ ትናንሽ ዘረመሎች አሉ።

ጥቂት ቀን ምን ይጠቅማል? እንቁጠረው። በ110 ቀን የሚደርስ ዝርያ ኅዳር 10 ቢዘራ የካቲት 30 ይደርሳል። ፍሬ የሚሞላው ከጥር ማብቂያ ጀምሮ ነው፤ ቀኑ መሞቅ ቢጀምርም ሌሊቱ ገና ቀዝቃዛ ነው። ያንኑ ዝርያ ሩዝ ታጭዶ፣ መሬቱ ታርሶ፣ ማዳበሪያው ተጠብቆ ታኅሣሥ 20 ብንዘራው የሚደርሰው ሚያዝያ 10 ነው። ፍሬ የሚሞላበት ጊዜ በሙሉ መጋቢት ላይ ወደቀ ማለት ነው። ዘሩ ያው፣ ውኃው ያው፣ ማዳበሪያው ያው፣ ምርቱ ግን ሌላ። አሁን ደግሞ በ90 ቀን የሚደርስ ዝርያ በዚያው በታኅሣሥ 20 ዘርተን እንየው፤ መጋቢት 20 ይታጨዳል፣ አበባውም በየካቲት ይከፈታል። ይህ ዝርያ ሙቀትን ቻለው አይባልም፤ አመለጠው እንጂ። በእርግጥ ማምለጥ ዋጋ አለው። ቶሎ የሚደርስ ስንዴ ፀሐይ የሚሰበስብበት ቀን ስለሚያንስ በኅዳር ቢዘራ ከዘገየው ወንድሙ ያነሰ ምርት ይሰጣል። ስለዚህ «የቱ ዝርያ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። «መቼ ትዘራለህ?» የሚለው መቅደም አለበት። የምርጥ ዘር ከረጢት ላይ የዝርያው ስም በትልቁ ይጻፋል፤ እኔ ብጠየቅ ከስሙ እኩል በትልቁ የማስጽፈው የሚዘራበትን ወር ነው።

ማምለጥ ያልቻለ ስንዴ ራሱን ያቀዘቅዛል። ተክል በቅጠሉ ቀዳዳዎች ውኃ ያተንናል፤ በዚያም ቅጠሉ ከአየሩ በጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ተመራማሪዎች ይህን የሚለኩት በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረውን ዓይነት ሳይነካ የሚለካ ቴርሞሜትር ማሳው ላይ እየደቀኑ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ሲውዳድ ኦብሬጎን በተባለው ቦታ የዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማእከል፣ ማለትም ሲሚት፣ ሆን ብሎ ስንዴን አዘግይቶ እየዘራ በሙቀት ይፈትነዋል። ከሁለት ዝርያዎች የተዳቀሉ ልጆችን እዚያ ሲያወዳድሩ 4ኤ በተባለው ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ቦታ በድርቅም በሙቀትም ጊዜ ምርትን የሚያግዝ ሆኖ አገኙት። ማሳን የሚያቀዘቅዙት የክሮሞዞም ቦታዎችም በድርቅና በሙቀት ብዙ ጊዜ የተገናኙ ሆነው ታዩ፤ ምሥጢሩም ወደ ሥሩ ያመለክታል። ጥሩ ሥር ያለው ቅጠሉን ያጠጣል፣ የጠጣ ቅጠል ይቀዘቅዛል።

ይህ ለመስኖ ሰው ትልቅ ትርጉም አለው። የማቀዝቀዝ ዘረመል ያለው ስንዴ በአበባ ሰዓት ውኃ ቢቋረጥበት ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ዘረመሉ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። የውኃ ተራ ላይ መጣላት እዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ተራው ሲወጣ ግን ማን ቀድሞ እንደከፈለ ወይም ማን ቦዩ አጠገብ እንዳለ ከሚታይ የማን ማሳ ሊያብብ እንደተቃረበ ቢታይ፣ ያለ አንድ ብር ወጪ የሚገኝ የሙቀት መከላከያ ነው።

ሦስተኛው ነገር መቻል ነው፤ ሙቀቱ ሕዋሱ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚሆነው። ይህን የምናውቀው በአንድ አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፌሩቾ ሪቶሳ የተባለ ጣሊያናዊ ሳይንቲስት በትንንሽ የፍራፍሬ ዝንቦች ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ባልደረባው ሳያውቅ የዝንቦቹን ማሞቂያ ሳጥን ሙቀት ከፍ አደረገው። ሪቶሳ ክሮሞዞሞቹን በአጉሊ መነጽር ሲያይ ሌላ ጊዜ ዝም ያሉ ቦታዎች አብጠው፣ ሥራ ጀምረው አገኛቸው። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1962 ታተመ፤ ቀድሞ የላከበት ስመ ጥር መጽሔት ጠቃሚነቱ አልታየኝም ብሎ መልሶት ነበር። ዛሬ ያ የሙቀት ምላሽ ከባክቴሪያ እስከ ሰው፣ ከዝንብ እስከ ስንዴ በሁሉም ሕይወት ውስጥ እንዳለ ይታወቃል። የእንቁላል ነጩ ውኃ ምጣዱ ላይ ሲያርፍ እንደሚረጋው ሁሉ በሕዋስ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችም ሲሞቁ ቅርጻቸው ይፈታል፣ እርስ በርስም ይጣበቃሉ። የሙቀት ጊዜ ፕሮቲኖች የሚባሉት ሊፈታ ያለውን ይዘው ያቆዩታል፣ የተጣበቀውን ያላቅቃሉ፣ የማይድነውን እንዲወገድ ያደርጋሉ። ስንዴ እነዚህን የሚያዙ ብዙ ዘረመሎች አሉት፤ ሦስት ቅጂ መሆኑን አትርሱ። ዝርያና ዝርያ የሚለያየው ትእዛዙ በምን ፍጥነት እንደሚወጣና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ላይ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀስ በቀስ የሞቀ ስንዴ በድንገት ከሞቀው የተሻለ ይችላል፤ ፕሮቲኖቹን አስቀድሞ ይሠራልና።

በቅጠሉ ውስጥ ደግሞ ሩቢስኮ አክቲቬዝ የተባለ ፕሮቲን አለ። ከአየር ላይ ካርቦን የሚይዘውን ትልቁን ኢንዛይም የሚያነቃቃ እርሱ ነው፤ በስንዴ ውስጥ ከ30 ዲግሪ ወደ ላይ ሲሆን መዳከሙ ይታወቃል። በእንግሊዝ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳዩት በዚህ ፕሮቲን ውስጥ አንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ ብትለወጥ ፕሮቲኑ ከፍ ባለ ሙቀት መሥራት ይችላል። ይህ የታየው በቤተ ሙከራ ነው። ከቤተ ሙከራ እስከ ጉማራ ዳር ያለው መንገድ ረጅም ነውና ነገ ዘሩን ጠብቁ አልላችሁም።

ታዲያ ሙቀት የሚችል ስንዴ ከወዴት ይመጣል? አንደኛው መንገድ ወደ ዘመድ መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት በሜክሲኮ ያኪ ሸለቆ 149 የስንዴ መስመሮችን፣ ማለትም በአዳቃዮች ተለይተው የተያዙ ዘሮችን፣ በልክ ጊዜና አዘግይቶ እየዘራ አነጻጸረ። ከዱር ዘመዶች ዲ ኤን ኤ የተሰጣቸው መስመሮች በሙቀት ጊዜ ካልተሰጣቸው እስከ 50 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጡ፤ ከተገኙት የክሮሞዞም ቦታዎች አንዱም ከኤጂሎፕስ ታውሺ የመጣ ነው። የዳቦ ስንዴ ሦስተኛ ወላጅ ያልነው ሣር መሆኑ ነው። በድሮው አጋጣሚ ድቅል ጊዜ የገባው የዚያ ሣር ዘር ጥቂት ነበር፤ አብዛኛው ሀብቱ ውጭ ቀርቷል። ዛሬ ተመራማሪዎች የቀረውን እያስገቡ ነው።

ሌላው ምሳሌ ከምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ለእናንተ ይበልጥ የሚቀርበውም እርሱ ይመስለኛል። በሴኔጋል ወንዝ ሸለቆ ገበሬዎች ሩዝ ይዘራሉ፤ በሁለት ሩዝ መካከል መሬቱ ለጥቂት ወራት ባዶ ይውላል። ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ማእከል ለዚያ ባዶ ጊዜ የሚሆን፣ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ በ92 ቀን የሚደርስ የማካሮኒ ስንዴ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም ተሸለመበት። ከሩዝ በኋላ ስንዴ! ፎገራና ደራ ሜዳ ላይ ሩዝ ከታጨደ በኋላ በቀሪው እርጥበት ጓያና ሽምብራ የምትዘሩ ሰዎች ይህን ታሪክ በደንብ አስቡበት። ወረታ ያለው የሩዝ ምርምር ማእከልና የስንዴ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የሚነጋገሩት አያጡም።

ወደ ራሳችን ዘር ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1927 ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ ወደ አገራችን መጥቶ ከአዲስ አበባ በቅፍለት ወደ ሰሜን ተጉዞ እስከ አስመራ ሄደ። በየመንደሩ ያየው የስንዴ ብዛት አስደነቀው፤ ኢትዮጵያን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል ብዝኃ ሕይወት ማእከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት። እርሱ በስታሊን እስር ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 በረሃብ ሞተ። በአገራችን የዘር ባንክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ ለረጅም ዘመን መርተውታል፤ ዘሩ በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም እንዲጠበቅ በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል።

የአገር ዘር ሁሉ ለሁሉ ነገር መድኃኒት ነው የሚለውን ወሬ ግን አልደግፍም። አብዛኛው የአገራችን ስንዴ የደጋ ልጅ ነው፤ ረጅም ነው፣ ማዳበሪያ ሲበዛበት ይጋሸባል፣ ሙቀትም ብዙ አልቀመሰም። ጥንካሬው ሌላ ቦታ ነው። በዋልካ መሬት ላይ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል እየተዘራ በቀረው እርጥበት ሲያፈራ የኖረ ስንዴ፣ ወደ መጨረሻ የሚመጣን ጥማት ሺህ ዓመት ሙሉ ሲፈተንበት የቆየ ነው። ጥማትን የሚችል ሥር ሙቀትንም እንደሚያግዝ ቀደም ብለን አይተናል። ስለዚህ በዚህ ዘር ውስጥ መፈለግ ተገቢ ነው፤ ፍለጋውም ተጀምሯል። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከጣሊያን ባልደረቦቻቸው ጋር 50 የአገር ማካሮኒ ስንዴዎችን አሳሳ ከተባለው የተሻሻለ ዝርያ ጋር አዳቅለው 6,280 መስመሮች አውጥተዋል። ዘረመል ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሰፋ መስክ በማካሮኒ ስንዴ ብዙ የለም።

ከዚሁ ቡድን ሥራዎች ልቤን የነካው ግን ሌላው ነው። በመቄት ገረገራና በትግራይ ሐገረ ሰላም 400 ዓይነት ስንዴ ዘርተው 60 ገበሬዎች፣ ግማሾቹ ሴቶች፣ እየዞሩ ለእያንዳንዱ ነጥብ እንዲሰጡ አደረጉ። ነጥቡን ከዘረመሉ ጋር ሲያገናኙት የገበሬው ዓይን የሚያየው ነገር በክሮሞዞም ላይ የታወቀ ቦታ ያለው ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ሥራ ደግሞ የገበሬውን ግምገማ በስሌቱ ውስጥ ሲያስገቡ የትኛው ስንዴ በዚያ አካባቢ እንደሚያፈራ መተንበዩ መሻሻሉን አሳይተዋል። አባቶቻችን ማሳ ዳር ቆመው «ይሄ ይሆናል፣ ይሄ አይሆንም» የሚሉት ነገር ለስሌት የሚበቃ መረጃ ነው ማለት ነው።

አሁን መጀመሪያ ያዙልኝ ወዳልኩት ልመለስ። በአገራችን ሙቀት የሚችል ስንዴ ሲባል የሚታወቀው ወረር ነው፤ በአፋር፣ በመካከለኛው አዋሽ ያለው የምርምር ማእከል። ጋአምቦ፣ ፈንታሌ፣ አሚባራ የተባሉት ዝርያዎች የወጡት እዚያ ነው፤ የበጋ ስንዴ በቆላ እንዲቻል ያደረጉትም እነርሱ ናቸው። ክብር ለሠሩት ሰዎች ይሁን። ነገር ግን ወረር ከባሕር ጠለል በላይ 740 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጣና 1,800 ገደማ ላይ። እዚያ ስንዴው ከቡቃያው ጀምሮ ይሞቀዋል፤ እዚህ ሁለት ወር በርዶት በመጨረሻው ወር ይቃጠላል። ለመጀመሪያው የሚሆን ዘረመል ለሁለተኛው ይሆናል ብሎ መገመት አይቻልም። በሞቃት ቦታ የተመረጠ ዝርያ እዚህ በጥር ብርድ ሊዘገይ፣ ዘግይቶም መጋቢት ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ወይም ደግሞ በሚገባ ሊስማማ ይችላል። ይህን የሚያውቀው እዚሁ፣ ገበሬው በሚዘራበት በታኅሣሥ ቀን ተዘርቶ የተፈተነ ማሳ ብቻ ነው። የአዴት ምርምር ማእከል ቅርባችን ነው፤ የክልሉ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና የዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅም ባሕር ዳር ናቸው። የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ በልኩ ቀን በኅዳር የሚዘራ ሙከራ ብቻውን አይበቃም፤ ዘግይቶ የሚዘራም ጎኑ ይኑር። ገበሬው በእውነት የሚዘራበት ቀን ያ ነውና።

ከናንተም የምለምነው አለ። በዚህ በጋ ስንዴ የምትዘሩ ሁሉ የዘራችሁበትን ቀን፣ የማሳው ግማሽ ዛላ የወጣበትን ቀንና ያጨዳችሁበትን ቀን ከነዝርያው ስም ጻፉ። የምታስጽፉት ልጆቻችሁን ከሆነ እዚህ ያሉት መምህራን ለተማሪዎቻቸው የቤት ሥራ አድርገው ይስጧቸው። ዝርዝሩን ለቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ አስረክቡ፤ የልማት ሠራተኞችም ከመሳቢያ አታስቀሩት፣ ወደ አዴት ላኩት። እቤታችሁ ጓዳ ወይም ጎተራ ውስጥ የቆየ የአገር ስንዴ ወይም አጃ ያላችሁ ደግሞ አንድ ጣሳ ለዘር አስቀሩ፤ ሁሉንም አትፍጩት።